ሳይታዘዝ የሚጠፋ ኮምፒውተር፦ መንስኤውን ከአጠፋፉ መለየት

ኮምፒውተር ማንም ሳያዝዘው በራሱ ጊዜ መጥፋት ሲጀምር፣ ደሴ ላይም ሆነ ወልዲያ ላይ በቅድሚያ የሚሰማው አስተያየት «ቫይረስ ገብቶበት ይሆናል» የሚል ነው፤ ተከትሎ የሚታዘዘው መፍትሔም ፎርማት ማድረግ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማሽኑ አዲስ በተጫነለት ዊንዶውስ ላይ እንደ ቀድሞው ድርግም ሲል፣ ባለቤቱ የከፈለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቅጂ ያልያዘለት ሰነድም አብሮ ሄዷል። ድንገት የሚጠፋ ኮምፒውተር ስለ ሕመሙ ብዙ የሚናገረው በአጠፋፉ ስለሆነ፣ ካቻቢቴም ሆነ ፍላሽ ከማንሣት በፊት እንዴት፣ መቼና ምን እየተሠራበት ሳለ እንደጠፋ መመልከትና መመዝገብ ይቀድማል።

ቫይረስን የመጠርጠሩ ልማድ መነሻ የሌለው አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የተሠራጨው ብላስተር እና በ1996 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የታየው ሳሰር ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነባቸውን ኮምፒውተሮች ሲያጠቁ፣ የ60 ሰከንድ ቆጠራ የያዘ ሳጥን ብቅ ይልና ቆጠራው ሲያልቅ ማሽኑ ተዘግቶ እንደገና ይነሣ ነበር። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የተማረ ሰው «በራሱ ጠፋ» ሲባል ቫይረስ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዛሬ የሚሠራጩት ተንኮል አዘል ፕሮግራሞች ግን ዓላማቸው የይለፍ ቃል መስረቅ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ መጠየቅ ወይም በሰው ኮምፒውተር ዲጂታል ገንዘብ ማምረት በመሆኑ፣ ማሽኑ በርቶ እንዲቆይላቸው ይፈልጋሉ እንጂ ማጥፋቱ አይጠቅማቸውም። ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱት ፕሮሰሰሩን (የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራውን ክፍል) ያለ ዕረፍት ስለሚያሠሩት በሙቀት በኩል ማሽኑን ሊያስጠፉት ይችላሉ፤ በዚያን ጊዜም ቢሆን የተጋለጠው ቀድሞ የነበረ የማቀዝቀዣ ድክመት ነው።

ሶፍትዌሩን ከጥርጣሬ ነጻ ለማውጣት ወይም ለመያዝ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ፈተና አለ። ኮምፒውተሩን አስነሥቶ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ማስተካከያ ገጽ መግባትና እዚያው ላይ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ማቆየት ነው፤ መግቢያው እንደ አምራቹ የተለያየ ሲሆን ብዙ ጊዜ ዲሊት፣ ኤፍ2 ወይም ኤፍ10 የሚሉት ቁልፎች ናቸው። በዚህ ገጽ ላይ ዊንዶውስ ገና አልተነሣም፤ ቫይረስም፣ የተበላሸ ድራይቨርም (ዊንዶውስን ከማሽኑ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም)፣ ያልተጠናቀቀ አፕዴትም ሥራ ላይ አይደሉም። እዚያ ተቀምጦ ከጠፋ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ፣ የሙቀት ወይም የዕቃ ነው፤ ፎርማት ማድረግም ዋጋ የለውም። እዚያ ሳይጠፋ ቢቆይ ግን ሶፍትዌሩ ጥፋተኛ ነው ለማለት አይበቃም፤ ባዮስ ውስጥ ማሽኑ ብዙም ስለማይደክም፣ ሥራ ሲበዛ ብቻ የሚታይ ችግር ተደብቆ ሊያልፍ ይችላል።

«ጠፋብኝ» የሚለው ቃል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። የመጀመሪያው ማያ ገጹ፣ ፋኑና መብራቶቹ አንድ ላይ፣ ምንም መልእክት ሳይታይ የሚቆሙበት ነው፤ ይህ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ወደ ሙቀት ወይም ወደ ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ያመለክታል። ሁለተኛው ሰማያዊ ገጽ ለአፍታ ታይቶ ማሽኑ ራሱን እንደገና የሚያስነሣበት ነው፤ ይህን የሚያደርገው ዊንዶውስ ሲሆን ምክንያቱ በአመዛኙ ድራይቨር፣ ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ወይም ዲስክ ነው። ሦስተኛው «በመዝጋት ላይ» የሚል ጽሑፍ እያሳየ በሥርዓት የሚዘጋበት ሲሆን፣ ይህ አንድ ፕሮግራም፣ አፕዴት ወይም የባትሪ ማለቅ ያዘዘው መዘጋት ነው። አራተኛው ጨርሶ ያልጠፋ፣ እንቅልፍ ውስጥ የገባ ኮምፒውተር ነው፤ ማያ ገጹ ጨልሞ ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ከሆነ የሚስተካከለው የኃይል ቅንብሩ ብቻ ነው። ወደ ጥገና ቤት ከሚመጡት ውስጥ የዚህ አራተኛው ዓይነት ቀላል የማይባል ቁጥር እንዳለው ሙያው ላይ ያለ ሰው ያውቃል።

ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ባለቤቱ በአጠገቡ ካልነበረ ዊንዶውስ ራሱ የሚይዘው መዝገብ አለ። የዊንዶውስ ቁልፍንና የኤክስ ፊደልን አንድ ላይ ተጭኖ ከሚወጣው ዝርዝር ኢቨንት ቪወር የሚለውን መክፈት፣ ከዚያም በዊንዶውስ ሎግስ ሥር ሲስተም የሚለውን መምረጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ከርነል ፓወር ከሚል ስም ጋር 41 ቁጥር የያዘ ቀይ ምልክት ሲያዩ «ይኸው፣ ፓወር ሰፕላዩ (የመስመሩን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ወደሚስማማ ቮልት የሚቀይረው ሣጥን) ነው» ብለው የሚደመድሙ አሉ፤ ነገር ግን 41 የሚለው ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲነሣ የሚጻፍ ሲሆን ትርጉሙም «ባለፈው ጊዜ በሥርዓት አልተዘጋሁም» ከማለት አያልፍም። ማን እንዳጠፋው አያውቅም። የሚረዳው በዝርዝሩ ውስጥ ባግቼክ ኮድ በሚለው ፊት ያለው ቁጥር ነው፤ ዜሮ ከሆነ ዊንዶውስ ስሕተት ለመመዝገብ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው፤ ይህም ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ወይም ማሽኑ ደርቆ በቁልፍ ሲጠፋ ይታያል፤ ከዜሮ ሌላ ከሆነ ግን ሰማያዊ ገጽ ነበረ። 1074 የሚል ቁጥር ከተገኘ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው፤ መዝጊያውን ያዘዘው ፕሮግራም ወይም ተጠቃሚ ስሙ እዚያው ተጽፏል።

ከሁሉም በላይ ሰፊው ክፍል ኤሌክትሪክ ነው። በአገራችን መስመር የሚመጣው 220 ቮልት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ አንድ ምልልስ 20 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል፤ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ከመስመሩ ኃይል ሲቋረጥበት በውስጡ ባጠራቀመው ብቻ ማሽኑን የሚያቆየው ደህና ሲሆን 16 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው፤ ሲያረጅ ከዚያም ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ለዓይን ሽው ብሎ የሚያልፍ መቋረጥ ኮምፒውተሩን ለማጥፋት ይበቃል። «መብራት አልጠፋም፤ ኮምፒውተሩ ብቻ ነው የጠፋው» የሚለው ምስክርነት በዚህ ምክንያት ብዙ አይታመንም፤ አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች የቮልት መውረድን ሳያሳዩ ማለፍ ይችላሉና።

የቮልት መውረዱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሩቅ ሳይሆን ከጎረቤት ነው። የወፍጮ ሞተር ሲነሣ፣ ሩጫውን እስኪይዝ ድረስ ባሉት ጥቂት ሴኮንዶች፣ በመደበኛ ሥራው ከሚስበው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ የሚሆን ኃይል ይስባል፤ መርሳ ወይም ሐይቅ ላይ ከወፍጮ ቤት ጋር አንድ መስመር የሚጋራ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በገበያ ቀን ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ቢጠፋና በሌላው ቀን ሰላም ቢሆን ሊያስገርም አይገባም። የብየዳ ማሽንም እንዲሁ ነው። ከቤት ውስጥም ጠላት አለ፦ የሌዘር ፕሪንተርና የፎቶ ኮፒ ማሽን ቀለሙን በወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠውን ክፍል ለማሞቅ በአንድ ጊዜ ወደ 1,000 ዋት የሚጠጋ ኃይል ይወስዳሉ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ርካሽ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ፣ ደንበኛ ኮፒ ባዘዘ ቁጥር ኮምፒውተሩ የሚጠፋበት ምክንያት ይኸው ይሆናል።

ይህን ለማረጋገጥ የቮልት መለኪያ ባይኖር እንኳ ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ጥሩ ምስክር ነው። ላፕቶፑን ዴስክቶፑ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ሰክቶ ማቆየትና ዴስክቶፑ በጠፋበት ቅጽበት የላፕቶፑ የቻርጅ ምልክት ወደ ባትሪ መዞር አለመዞሩን ማየት ይበቃል። ከዞረ ጥፋቱ የመስመሩ፣ የሶኬቱ ወይም የዲቫይደሩ ነው። በዚህ ጊዜ ሶኬቱን ቀይሮ ማየት፣ የተቃጠለ ሽታ ወይም የጠቆረ ፕላስቲክ መኖሩን መፈተሽ፣ ዲቫይደሩ ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ መጣል ተገቢ ነው። የፓወር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጀርባ እስከ መጨረሻው አለመግባቱ ደግሞ በጣም ተራ ስለሆነ ማንም የማያየው ምክንያት ነው።

ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ) ወይም ስታቢላይዘር (ቮልትን የሚያስተካክል) አለኝ ማለት ከዚህ ጣጣ ነጻ ነኝ ማለት አይደለም። የትንንሽ ዩፒኤሶች ባትሪ ባለ12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሆን ዕድሜው በአመዛኙ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ መስመሩ ቶሎ ቶሎ በሚቋረጥበትና ሙቀት ባለበት ቦታ ከዚያም ያጥራል። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ መስመሩ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩን አብሮ ይጥለዋል፤ አንዳንዱም የራሱን ባትሪ ለመፈተሽ ሲሞክር፣ መስመሩ ደህና እያለ ሳይቀር ያጠፋዋል። ለመፈተሽ ኮምፒውተሩን ነቅሎ በምትኩ ተራ አምፖል ማያያዝና የዩፒኤሱን መሰኪያ ከግድግዳው መንቀል ነው፤ አምፖሉ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው ይቀየር። አቅሙም ይታይ፦ 650 ተብሎ የተጻፈበት ዩፒኤስ 650 ዋት አይሰጥም፤ ቁጥሩ የቮልት አምፒር ልክ በመሆኑ በዋት ሲለካ 360 አካባቢ ነው። ሌዘር ፕሪንተር በምንም ምክንያት በዩፒኤሱ የባትሪ ሶኬት ላይ መሰካት የለበትም። ስታቢላይዘር ደግሞ ቮልቱ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ዕቃውን ለመጠበቅ ሆን ብሎ ኃይል የሚቆርጥ ዓይነት አለው፤ የቤቱ መብራት ደብዘዝ ብሎ እየበራ ኮምፒውተሩ ብቻ ከጠፋና ከስታቢላይዘሩ ጠቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ ማሽኑ ታማሚ አይደለም፤ ስታቢላይዘሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ማታ ማታ ሁሉም ምድጃውን ሲለኩስ የሚያጋጥመው ይህ ነው።

መስመሩ ነጻ ከወጣ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ጨዋታ ወይም የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሲከፈት የሚጠፋ፣ ከጠፋ በኋላም ገመዱ ተነቅሎ ጥቂት ካልቆየ በስተቀር የማይነሣ ኮምፒውተር፣ ፓወር ሰፕላዩ በውስጡ ባለው መከላከያ ራሱን እየቆለፈ ነው ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። በመለኪያ ሲታይ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች ወይም ከ12.6 በላይ መውጣት የለበትም፤ ሆኖም ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ ደህንነቱ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ አውሶ መሞከር ነው። አሮጌዎቹ ላይ በጀርባ በኩል ያለው ቀይ ማብሪያ 230 ላይ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ በሰከንድ ውስጥ ይቃጠላል። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን ሙያው የሌለው ሰው መክፈት የለበትም፤ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ታምቆ ሊቆይ ይችላል።

ሙቀትን በተመለከተ ወሎ ውስጥ አንድ የተለመደ አሳሳች ሐሳብ አለ፤ ደሴ ብርድ ስለሆነች ኮምፒውተር አይግልባትም የሚል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ብርዱ ይህን ጉድለት በከፊል ያካክሳል፤ የተዘጋ የአየር መውጫን ግን አያካክስም። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይቀንሳል፣ አየሩ ይወፍራል፤ ነገር ግን ይሞቃል። ባቲና ቆቦ ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ፤ በተለይ በበጋ የቆቦ ሜዳ አቧራ ወደ ማሽን ውስጥ ገብቶ በማቀዝቀዣው ቀጫጭን ክንፎች መካከል እንደ ጨርቅ ይጠቀጠቃል። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ውስጥ የሚውል ኮምፒውተር አቧራው ከጭሱ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር በነፋስ ብቻ አይለቅም።

የሙቀት ምልክቱ ጊዜ ነው። ማሽኑ በርቶ ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል፤ ፋኑ ይጮኻል፤ ሥራው ይዘገያል፤ ከዚያ ይጠፋል። ወዲያው ሲያስነሡት ከቀድሞው ባጠረ ጊዜ ይጠፋል፤ አንድ ሰዓት ሲያርፍ ደግሞ ደህና ይመስላል። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርሱ መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ያም ካልረዳ ራሳቸውን ከመቃጠል ለማዳን ማሽኑን ያጠፉታል። ኮር ቴምፕን የመሰለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ልኩን ያሳያል፤ ሥራ በበዛበት ሰዓት ከ70 እስከ 85 መሆኑ አያስጨንቅም፣ 95ን ማለፍ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ የጎኑን ሽፋን ከፍቶ የክፍል ፋን አዙሮ ማስነፈስ ጥሩ ፈተና ነው፤ በዚህ ሁኔታ ሳይጠፋ ከቆየ ችግሩ ሙቀት ነው። ላፕቶፕን ጋቢ ወይም ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር መግቢያውን ስለሚደፍን፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ልዩነቱን ማየት ያስፈልጋል።

ሲጸዳ ገመዱ ይነቀል፤ ማብሪያው ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ የቀረው ኃይል ይውጣ፤ የፋኑ ምላጭ በጣት ተይዞ በለስላሳ ብሩሽና በንፋስ መንፊያ አቧራው ይገፋ። ፋኑ ሳይያዝ በኃይለኛ ንፋስ ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል፤ እርጥብ ጨርቅም አይነካውም። ማቀዝቀዣው ከፕሮሰሰሩ ላይ ከተነሣ፣ የደረቀው ቴርማል ፔስት (ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት) ተጠርጎ አዲስ ሳይቀባ መመለስ የለበትም፤ ያለ ፔስት የተመለሰ ማቀዝቀዣ ከአቧራው የባሰ ያስግላል።

ላፕቶፕ የራሱ ጉዳይ አለው። ባትሪው 40 በመቶ እያሳየ ድንገት የሚጠፋ ላፕቶፕ ውስጥ ከተደረደሩት የባትሪ ሴሎች አንዱ ደክሟል፤ ቮልቱ በአንድ ጊዜ ሲወድቅ የመቶኛው ቁጥር ለመቀነስ ጊዜ አያገኝም። ዊንዶውስ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውንና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘውን አቅም ጎን ለጎን ስለሚያሳይ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከሆነ መቀየሩ ይሻላል። የመዳፊት ሰሌዳው ወደ ላይ የተነሣ ወይም ታችኛው ሽፋን ያበጠ ከሆነ ግን መለካትም አያስፈልግም፤ ባትሪው አብጧልና መጠቀም ማቆም፣ አለመብሳትና አለመጫን ነው። ከገበያ የተገዛ ምትክ ቻርጀርም ይፈተሽ፤ 65 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ 45 ዋት ሲሰጠው ቀለል ላለ ሥራ ይበቃዋል፣ ከበድ ሲል ግን ከባትሪው እየተበደረ ይሠራል፤ ባትሪው የሞተ ከሆነ ያን ጊዜ ይጠፋል።

ራም ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ሰማያዊ ገጽን ወይም ዳግም መነሣትን ስለሆነ ጭልጥ ብሎ በሚጠፋ ማሽን ላይ ቀዳሚ ተጠርጣሪ አይደለም፤ ሁለት ካለ አንድ አንዱን እያወጡ መሞከርና የዊንዶውስን የሜሞሪ መፈተሻ አንድ ሌሊት ማስኬድ ይበቃል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ3 ቮልት ክብ ባትሪ ስትሞት ሰዓትና ቀን ይዛባሉ እንጂ ኮምፒውተሩ እየሠራ አይጠፋም፤ ለዚህ ችግር እሷን ቀይሮ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካለ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። በተነሣ ቁጥር በ4 እና በ5 ሴኮንድ መካከል፣ ልክ በሰዓት እንደተለካ የሚጠፋ ኮምፒውተር ደግሞ ማብሪያ ቁልፉ ገብቶ ያልተመለሰ ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉ ለ4 ሴኮንድ ያህል ሲያዝ ማሽኑን በግድ እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነውና። የቁልፉን ሽቦ ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ሁለቱን እሾሆች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት በማገናኘት ማስነሣት ጥርጣሬውን ይፈታዋል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ መፍትሔ ካልተገኘ የሚቀረው ማዘርቦርዱ ነው። አናታቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያፈሰሱ ካፓሲተሮች ከታዩ በሙያተኛ ተነቅለው ሊተኩ ይችላሉ፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ወይም የላላ ብየዳ ሲሆን ግን ማሽኑ ሲነካና ሲንቀሳቀስ እየጠፋ፣ ሲቀመጥ ደህና እየመሰለ ባለቤቱንም ጠጋኙንም ያደክማል። ወደ ጥገና ቤት ሲወሰድ «ይጠፋል» ከማለት ይልቅ በምን ሰዓት፣ ምን እየተሠራበት፣ መልእክት አሳይቶ ወይስ ሳያሳይ፣ ከጠፋ በኋላም ወዲያው ተነሥቶ ወይስ አርፎ የሚለውን በወረቀት ጽፎ መስጠት የጠጋኙን ሥራ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚከፈለውንም እንዲሁ። አስቀድሞ ሰነዶቹን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ በመጻፍ ላይ እያለ ኃይል የሚቋረጥበት ዲስክ ፋይል ያበላሻል፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራም ሌላ ድንገተኛ መጥፋት ነው። ማዘርቦርድ ለመቀየር የተጠየቀው ዋጋ ያገለገለ ሙሉ ኮምፒውተር ወደሚገዛበት ዋጋ ከተጠጋ መቀየሩን መተው ይሻላል፤ ዲስኩ ተፈትቶ በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ሲገባ በሌላ ማሽን ላይ ይነበባል፣ ራሙና ፓወር ሰፕላዩም ደህና ከሆኑ ለሌላ ማሽን ያገለግላሉ።